የልብስ ሰፊው ውስጥ እግር

ልብስ ሰፊው እግሩን የሚያየው በሚስቱ ዓይን ነበር። ስኳሩ እግሩን አደንዝዞታል፣ ቦርጩ አላስጎነብስ ብሎታል፣ ዓይኑም መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃተው ሰነባብቷል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሚስቱን አጠገቧ አስቀምጣ፣ "እናቴ፣ ማታ ማታ ውስጥ እግሩን ይመልከቱለት። እሱ አይሰማውም። ጭረት እንኳ ቢያዩ ሳያሳድሩ ያምጡት፤ አለዚያ እግሩን ያጣል" አለቻት። ወደ እሱም ዞር ብላ፣ "እርስዎ ደግሞ በባዶ እግርዎ እንዳይሠሩ።"

እሺ አለ። ግን ዕድሜውን ሙሉ የስፌት መኪናውን ፔዳል በባዶ እግሩ የረገጠ ሰው ነው። "ጫማ ካደረግሁ ስፌቱ ይዘልብኛል" ይላል። እግሩ ፔዳሉን መዳሰስ ካቆመ መክረሙን ለራሱም አላመነም።

አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ፣ "ልጅ የላችሁም እንዴ?" አለ።

"ከየት አምጥታ?" አለ ልብስ ሰፊው ቀና ሳይል። "ይቺ እግር ከማየት ሌላ ምን ታውቃለች? እሱንም ሥራ እንዳትፈታ ብዬ የሰጠኋት ነው።"

ደንበኛው ሳቀ። እሱም ሲስቅ የመኪናው መርፌ ተሰበረ። ሚስቱ ሌላ አስገባችለት። ስባሪው ወለሉ ላይ ቀረ።

ማታ እግሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ አምፖሉ መለስ አደረገችው። ውስጥ እግሩ ላይ፣ ከተረከዙ ከፍ ብሎ አንድ ነገር ብልጭ አለ። በጥፍሯ ነካችው፤ የመርፌው ስባሪ ነው። እሱ ሬዲዮውን ያዳምጣል።

"ምን አፍጥጠሽ ቀረሽ? ልትወልጂበት ነው?" አለና በራሱ ቀልድ ተንከተከተ።

"ምንም የለም" አለች።

ጸሎቷን ጀምራ መሃል ላይ ጠፋባት። ነገ እነግረዋለሁ ብላ ተኛች። በማግስቱ ቆዳው ገጥሞ ዙሪያው ቀልቷል። ትናንት ምን ስታዪ ነበር ቢላትስ? "ምንም የለም" አለች። ከዚያ ወዲያ ቃሉ ሳትጠራው ይወጣ ጀመር። እግሩ ሲያብጥም እሱኑ አለች።

ሽታው ደንበኛ ማባረር ሲጀምር ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ ካልሲውን አውልቃ ቁስሉን አየች። "ማነው የሚያይልዎት?"

"እሷ ናት። አንድ ቀን ዘላ አታውቅም" አለ። ሰው ፊት ሲያመሰግናት ያ የመጀመሪያው ነበር። ነርሷ ሴትዮዋን አየቻት፤ ሴትዮዋ ወለሉን አየች።

ሆስፒታል ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሐኪሙ ከቁስሉ ያወጣውን ስባሪ አሳየው። ልብስ ሰፊው ስባሪውን አየ፣ ከዚያ ሚስቱን አየ።

ቤት ሲገባ ነርሷ መጥታ የቀረውን እግር አያያዝ አስረዳቻቸው፤ ጫማ ከማጥለቅ በፊት ውስጡ በእጅ ይዳሰሳል አለች። በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ጫማውን አራገፈች፣ ውስጡን ዳበሰች። "ንጹህ ነው።"

"ራስሽ አጥልቂው።"

"ምን?"

"አንቺ ይሰማሻል አይደል? አጥልቂና ተራመጂ።"

ጫማው ሰፍቷት እየጎተተች እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች።

"ድገሚ።"

ደገመች። ከዚያ አውልቃ ተንበረከከችና አጠለቀችለት፤ ማሰሪያውንም አሰረች። ፔዳሉን መርገጥ ጀመረ። ስፌቱ አንድም ቦታ አልዘለለም።

"ነገም እንዲሁ" አላት።