የቀነኒሳ ሸሚዝ

ሳፊያ ናዝሬት ውስጥ በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥራ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎችን በዘይት ቀለም ትቀባ ነበር። አብዛኛው ሥራዋ የሙሽሮችን ከንፈር ማቅላት ነው። ባለቤቱ አቶ ገብረወልድ ያነሳል፣ ያጥባል፤ እሷ ትቀባለች።

በ1970 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር አብተው አንድ ትልቅ ፎቶ ይዞ መጣ። ኦጋዴን ላይ የወደቀ የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ቀነኒሳ ይባላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርስ በነጭ ሸሚዝ የተነሳው ነበር። አብተው ሸሚዙ በወታደር ልብስ እንዲለወጥ አዘዘ፤ ለአብዮት በዓል አዳራሹ ውስጥ ይሰቀላል። በከተማው የፎቶ ወረቀት ጠፍቶ ስለነበር ገብረወልድ ቅጂ ሳያወጣ እዚያው ላይ እንድትቀባ ነገራት። ሳፊያ ኮሌታውን ዘጋች፣ የደረት ኪስ ሠራች፣ ፀጉሩ ላይ ቆብ ደፋችበት። አምሮ ወጣላት፤ ደስም አላት።

በማግስቱ የልጁ እናት ወይዘሮ አሳየች መጡ። አብተው ፎቶውን የወሰደባቸው አሳምሬ እመልሳለሁ ብሎ ነው። የተቀባውን አዩት። ልጃቸው ከማሠልጠኛው በቀጥታ ወደ ግንባር ስለተላከ በወታደር ልብስ አይተውት አያውቁም።

«ያንን ሸሚዝ የተኮስኩለት እኔ ነኝ» አሉ። «እሱን መልሺልኝ፣ ልጄ።»

ሳፊያ ሌላ ፎቶ እንዳላቸው ጠየቀች። የላቸውም። ያነሳው ፎቶ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ኔጋቲቩም የለም።

ገብረወልድ ወደ ጓዳ ጠርቶ እንዳትነካው አስጠነቀቃት። ቀበሌ ያሠራውን ማጥፋት በዚያ ዓመት የሚያስከትለውን ሁለቱም ያውቁታል። ሳፊያም ፈርታለች። ቢሆንም ቀለሙን ከማስለቀቋ በፊት የተቀባውን ፎቶ እንዲያነሳው፣ ለአብተው ያ ታትሞ እንዲሰጠው ጠየቀችው። ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ትንሽ ወረቀት እንዳለው ታውቃለች። ገብረወልድ ካሜራውን መስኮቱ አጠገብ ተከለ።

ኔጋቲቩ ታጥቦ ደርቆ ጥርት ማለቱን ካየ በኋላ «እንግዲህ ቀጥዪ» አላት።

ቀለሙ ገና አልጠነከረም። ጥጥ የዘይት ቀለም በሚያሟሟው አኳራጅ ውስጥ እየነከረች ከኪሱ ጀመረች። አረንጓዴው ወደ ጥጡ መጣ፣ ከሥሩ የሸሚዙ ቁልፍ ታየ። ቆቡ ጋ ስትደርስ እጇን አቀለለች፤ ፀጉሩ እንዳለ ወጣ። ኮሌታው ጠርዝ ላይ ግን ቀለሙ ጠልቆ ገብቷል። ከዚህ በላይ ብታሸው ምስሉ ራሱ እንደሚላጥ ለወይዘሮ አሳየች ነገረቻቸው። እሳቸው ይህን ሁሉ ጊዜ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሥተው ተጠግተው አዩ።

«ይብቃ። እሱ ነው» አሉ። ፎቶውን በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ።

ሳፊያ የታተመውን ቅጂ አረንጓዴ ቀባች። አብተው ቀለሙ ፈዘዘ ብሎ ትንሽ አማረረና ወሰደው፤ ሌላ ነገር አልጠረጠረም። በበዓሉ ዕለት ወይዘሮ አሳየች ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሥዕሉ ሲገለጥና ሲጨበጨብ እሳቸውም አጨበጨቡ፤ የሌላ ሰው ልጅ ምስል እንደሚያይ ሰው አንዴ አይተው ወደ ተናጋሪው ዞሩ።

ከዚያ በኋላ ሳፊያ ቅጂ ያልወጣለትን ፎቶ አልቀባም አለች። ወረቀት ሲጠፋ ደንበኛው እንዲጠብቅ ትነግራለች። ገብረወልድ ገበያ ታሸሺብኛለሽ እያለ ቢያጉረመርምም ቅቢ ብሎ አስገድዷት አያውቅም።