የሐረገወይን ለቅሶ

ሐረገወይን የማን ለቅሶ እንደሆነ ግራ ገባት። በሰው አገር፣ ሆልምሊያ በሚሉት ሰፈር በኖረችበት ሃያ ዓመት፣ በዚያ ፎቅ ደረጃ ላይ እንዲህ ደረት እየተመታ ሲለቀስ ሰምታ አታውቅም። «የኔ ጌታ! ከጎረቤት ማን ሞተ?» ብላ በክራንቿ እያነከሰች ሄዳ በሩን ከፈተችው።

ጉድ በል! የገዛ ማኅበርተኞቿ ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ፊት የነበረችው መቅዲ «በስመ አብ!» ብላ ጮኸችና ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

«ምነው? ማን ሞቶብኝ ነው?»

«አንቺ!» አለች መቅዲ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐረገወይን ዳሌዋ ተሰብሮ ሲከየም በሚሉት ማገገሚያ ሦስት ሳምንት ተኝታ፣ የወጣችው ዛሬ ጠዋት፣ በፋሲካ ማግስት ነው። መቅዲ በበዓሉ አላስችል ቢላት፣ ልጠይቃት ብላ ብትሄድ አልጋው ባዶ፣ አንሶላው ተገፏል። ነርሷ ደግሞ «ለዘመድ እንጂ ለሌላ አንናገርም» አለቻት። ከዚያ ወዲያ ምን ቀራት? አገር ምድሩን በስልክ አስለቀሰችው።

ይህ ማኅበር «በትንሣኤ አብረን የምንነሣ ሰዎች፣ ታመን ብቻችንን አንተኛም» ተባብሎ ቃል የተገባባ ነው። ሐረገወይን ያን ቃል ተማምና ሦስት ሳምንት በሩን በሩን ስታይ ከረመች። ማን ይምጣ! ስቅለት አለፈ፤ የፋሲካን ጾምም ብቻዋን በዳቦና በፈረንጆቹ ቡናማ አይብ ፈታች። ማኅበርተኛዋና የአሥራ አምስት ዓመት የጽዳት ሥራ ባልደረባዋ በቀለች ብቻ፣ ሐረገወይን ስትደውልላት «መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ትላለች። ሌሎቹን ደውላ ልትለማመጥ አልወደደችም፤ አንጀቷ አርሮ ነበር።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢው ጋሽ ተረፈ እንባቸውን ጠርገው «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!» አሉ። «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን!» ሲባል ደረጃው በእልልታ ተናጋ።

«መቼም በቀለች ባትኖርልሽ!» አሉ ጋሽ ተረፈ። «በየቀኑ ሾርባ እያመላለሰችልሽ። ሐኪሙ ሰው እንዳይመጣ፣ ስልክም እንዳይደወል ከልክሏል ስትለን፣ እኛማ እስከ ዛሬ በጸሎት ብቻ ተወሰንን።»

ሐረገወይን በቀለችን በዓይኗ ፈለገቻት። ከሁሉም ኋላ፣ ለለቅሶ የተሠራ ወጥ በድስት ታቅፋ ቆማለች። ዓይኗ «አደራሽን፣ አታዋርጂኝ» ይላል።

«የበቀለችን ፊት ሳይ፣ ከተሰበርኩ ወዲህ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አለች ሐረገወይን።

ሁሉም ወደ በቀለች ዞሩ።

«ሁለት ሥራ ይዤ...» አለች በቀለች። «ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ቀናቱ ሄዱ። ሲጠይቁኝ ደግሞ አፈርኩ።»

«መቅረትሽንስ ልተወው። እነሱን ለምን ከለከልሽብኝ? ሁሉም የጣለኝ መስሎኝ፣ በፋሲካ ዕለት ‹ጌታዬ፣ አንተስ?› ብዬ አለቀስኩ እኮ!»

ጋሽ ተረፈ ወደ ሐረገወይን ጠጋ ብለው «ትንሣኤ ነው ልጄ፤ በቀለችን በር ላይ አናስቀራት» አሉ።

ሐረገወይን እንባዋ እየወረደ ከበሩ ፈቀቅ አለችላቸው።

«ትግባ» አለች። «አጠገቤ ግን እንዳትቀመጥ።»