ከልኩ በላይ

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎማ ስነፋ ኖሬ፣ ስለ አየር ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም። ሐኪሟ ግን አስተማረችኝ፤ ያውም ልጄን የምታክል ሐኪም።

ነገሩ የጀመረው በጠራራ ፀሐይ፣ መኪና ሥር ገብቼ ክሪክ እንደያዝኩ እንቅልፍ ሲጥለኝ ነው። መኪናው ሊወርድብኝ ስንዝር ሲቀረው፣ አብሮኝ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ጎትቶ አወጣኝ። ስመረመር ለካ በእንቅልፍ ልቤ ጉሮሮዬ እየተዘጋ ያፍነኛል። በጭምብል አየር የሚነፋ መሣሪያ ተሰጠኝ። ወንድሜም የሥራ ቤታችንን ቁልፍ ኪሱ ከተተ።

«ጋሼ፣ ሐኪሟ ደህና ነው ብላ ካልጻፈች እዚህ ደጃፍ እንዳትደርስ።»

«ከገዛ ቤቴ?»

«ከገዛ ቤትህ። ልቀብርህ አልፈልግም።»

እልህ ያዘኝ። የሐኪም ቤቱ ባለሙያ መሣሪያውን ሲያስተካክል ሰርቄ አይቼ ነበርና፣ ቶሎ ልዳን ብዬ ግፊቱን ጨመርኩት። ለላላ ጎማ መድኃኒቱ ንፋስ አይደል? ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ጨመርኩ። ጭምብሉ በጎን እያፏጨ፣ ጧት ጧት ራሴን እየፈለጠኝ «እየሠራ ነው» እላለሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ማንኮራፋቱን ትተህ መተንፈሱንም ተውከው እኮ!» አለችኝ ባለቤቴ።

«ዝም ማለቴ አስከፋሽ?» ብዬ ቀለድኩባት።

በቀጠሮዬ ቀን ከባለቤቴ ጋር ሄድኩ። ሐኪሟ የመሣሪያውን መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ከፍታ አየች። «ጉሮሮዎ አሁን ክፍት ነው። ግን በሰዓት ሃያ ጊዜ ትንፋሽዎ ይቆማል። ግፊቱ ሲበዛ አንጎል የመተንፈሱን ትእዛዝ ይዘነጋል።» ቀና አለች። «ማነው የጨመረው?»

ባለቤቴ ዞራ አየችኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«እኔ ነኝ።»

«ጎማ ከልኩ በላይ ሲነፋ ምን ይሆናል?»

መልሱን የሥራ ቤቴ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ግፊቱን ዝቅ አደረገችው፤ የማያፏጭ ጭምብልም ቀየረችልኝ። «የትንፋሹ መቆም ብዙ ሰው ላይ ከጊዜ ጋር ይጠፋል። ካልጠፋ ሌላ ዓይነት መሣሪያ አለ። ሁለት ወር ይታገሡ፤ ምንም እንዳይነኩ!»

ወንድሜ ይህን ሲሰማ «በቃ፣ ሥራ ቤቱን እንሽጠውና እረፍ» አለኝ።

«ትንፋሼ ቆመ እንጂ እኔ አልቆምኩም! ሞክርና ሽጠው!»

ሁለት ወር ሙሉ እጄን ሰብስቤ ጠበቅሁ። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው፣ አለመንካት የጭነት መኪና ጎማ ከመፍታት ይከብዳል።

የሐኪሟ ወረቀት ወጣ፤ «ትንፋሹ የሚቆመው በሰዓት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ደህና ነው» ይላል። ወንድሜ ደጃፉ ላይ ቆሞ ደጋግሞ አነበበው። ቁልፉን እጄ ላይ አኖረና ፊቱን አዞረ። ማልቀሱን አይቻለሁ፤ እንዳላየ ሆንኩ።

ኮምፕረሰሩን ከማስነሳታችን አንድ ሹፌር መጣ።

«ጭነት ስላለብኝ ከልኩ ትንሽ ጨመር አድርግልኝ።»

«አልጨምርም።»

«ምን አገባህ? ጎማው የኔ!»

«ያገባኛል! ልኩን እነፋለሁ፤ ካልፈለግህ መንገዱ ያውልህ።»

ሹፌሩ አፉን ሊከፍት ሲል፣ ወንድሜ ከኋላዬ «ስማው፣ ሹፌር» አለው። «እሱ በራሱ ላይ ሞክሮት ነው።»