የዮዲ ልጅ ሙሾ

ከጦር ኃይሎች እስከ ዓለም ባንክ ለቅሶ ቤት ሙሾ የሚያወርድ ሲጠፋ የሚጠሩት እኔን ዋጋነሽን ነው። ዛሬ ዛሬ ወጣቶቹ በስፒከር መዝሙር ይከፍቱና "እማማ፣ ይበቃዎታል" ይሉኛል። አይበቃኝም! ለእያንዳንዱ ሟች የራሱን ግጥም እሰጣለሁ፤ ለአንዱ ያወረድኩትን ለሌላው ደግሜ አላውቅም። ሟች በሰው ከፈን አይገነዝም እላለሁ። ልጄ ዮዲ ይህን ኩራቴን እየሰማች ነው ያደገችው።

ዮዲ ስታረግዝ እኔም አመሌ ተለወጠ። ልጁ ሆዷ ውስጥ ሲራገጥ "እማዬ ነይ፣ ግጠሚለት" ትለኛለች። እጄን ሆዷ ላይ ጭኜ ስለ ሆዳምነቱ፣ ስለ አባቱ ትልቅ ጆሮ እገጥምለታለሁ። እሷም እየሳቀች "ተይ፣ ምጤን ታመጪዋለሽ" ትላለች። እንደዚያ የሳቅነው ሰባት ሳምንት ቢሆን ነው።

በስምንተኛ ወሯ ልጁ መራገጡን ተወ። ሞቶ ተወለደ። ባሏ ለሊሳ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሄዶ ቀበረው። ክርስትና ላልተነሳ ልጅ እድራችን ድንኳን አይጥልም፤ ሰውም ለቅሶ አይቀመጥም። ዮዲ ወተቷ ቀሚሷን እያራሰው "እማዬ፣ አንድ ግጥም ብቻ አልቅሺለት" አለችኝ። ጎረቤቴ አልማዜ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ከተለቀሰ ማህፀን ይዘጋል ብላ አስፈራርታኝ ነበር። ፈራሁ። "እግዜር ሌላ ይሰጥሻል፣ ዝም በይ" አልኳት። ምላሴን በቆረጠው! ለባዳ የሚንዠቀዠቅ አፍ ለልጄ ተቆለፈ። ዮዲ ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲህ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

በሦስተኛው ሳምንት የሰፈራችን አናጢ አቶ ገረሱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ፤ ሴቶቹ ደረት መምታት ጀመሩ። ስለ መጋዛቸው ያሰብኩትን ላወርድ አፌን ስከፍት ሌላ ወጣ፦

ስም ሳላወጣልህ፣ ስምህን ሳልጠራ፣
ማን ብዬ ላልቅስህ ከሙታኖች ጋራ።

ሴቶቹ ተያዩ። የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ስም የለውም እንዴ ያሉ ይመስለኛል። እኔ ግን ደረቴን እየደቃሁ ሦስት ጊዜ አወረድኩት። ከዚያ ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል ወደ ቤት ሮጥኩ። የአልማዜ ማስፈራሪያ ትዝም አላለኝ፤ ልጄ ትስማው ብቻ።

ዮዲ አልጋዋ ላይ ነበረች። ግጥሙ መጣልኝ አልኳትና አወረድኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ከስንት ቀን በኋላ ዓይኔን አየችኝ።

"የት ነው የመጣልሽ?" አለችኝ።

"አቶ ገረሱ ለቅሶ ላይ።"

"አለቀስሽበት?"

ልዋሽ አስቤ ነበር፤ ዓይኗ አላስዋሸኝም። አዎ አልኳት።

"እንግዲያ የአቶ ገረሱ ነው። የኔ ልጅ በሰው ከፈን አይገነዝም።"

ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። አልጋዋ ሥር ተቀምጬ ሌላ ግጥም ፈለግኩ። አንድም ቃል አልመጣልኝም። ይኸው ዓመቱ ደረሰ፤ እስካሁን እየፈለግኩ ነው።