የሚሸነፍላት ሰው

ዶሎረስ ኖቫክ ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ፣ ጉልበቷ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ቤት ከዋለች ወዲህ ደስታዋ ፖከር የሚባለው የኢንተርኔት የካርታ ቁማር ብቻ ሆነ። ደግሞ ታሸንፋለች! በሚመጣው ሚያዝያ የቁማር ከተማዋ አትላንቲክ ሲቲ ሄዳ ፊት ለፊት ለመጫወት ተመዝግባለች። አንድ ቀን ሁለት ተጫዋቾች ተመሳጥረው የበሏት መሰላትና ተናዳ ለኒው ጀርሲ የቁማር ተቆጣጣሪዎች አቤት አለች።

ኦርቲዝ የምትባል መርማሪ ደወለችላት።

«ሁለቱ ንጹሕ ናቸው። ግን ጠረጴዛው ላይ ማጭበርበር አለ፤ የሚጠቀሙትም እርስዎ ነዎት። ‹ዓሣ አጥማጁ› የሚባለው ተጫዋች፣ እርስዎ ገንዘብ ባስያዙ ቁጥር የሚያሸንፍበትን ካርታ እያወቀ ጥሎ ይሸነፍልዎታል። ቼስተር ኖቫክን ያውቁታል?»

ባሏ ነው። ማታ ማታ «ጀልባዋን ልያት» እያለ የሚወጣው ባሏ።

«አካውንቶቻችሁ ተዘግተዋል።»

«መንግሥት አይደላችሁ? ቀድማችሁ አትከለክሉትም ነበር?»

«ወይዘሮ ኖቫክ፣ ጨዋታው ውስጥ ሲገባ ማንነቱን አይተናል፣ ያለበትንም አይተናል። ሆዱ ውስጥ ያለውን ግን ካልተጫወተ በምን እናየዋለን?»

ቼስተር ሲገባ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

«ጀልባዋ ደህና ናት?»

ፊቷን አየና ገባው።

«ብርዱን ሙሉ ተኮራምተሽ ከረምሽ» አለ። «ስታሸንፊ ብቻ ነው የምትስቂው። ምን ላድርግ?»

«አንተ ሽማግሌ! ችሎታ ያለኝ መስሎኝ በሰው ፊት ልዋረድ ነበር እኮ!»

አፈረች። ያ ሁሉ ድል የእሷ አልነበረም። ከመሳቢያው ካርታ አወጣች።

«ቁጭ በል። እዚህ ተቆጣጣሪ የለም።»

በገንዘብ ፈንታ ደረቅ መኮሮኒ እያስያዙ ተጫወቱ። ቼስተር ደጋግሞ በላት፤ ከንፈሯን ነክሳ ቻለችው። በመጨረሻ ሁለት ንጉሥ ደረሳትና የቀራትን መኮሮኒ ሁሉ ወደ መሃል ገፋች። ቼስተር ቆይቶ ካርታውን ደፍቶ ጣለ።

«አሸነፍሽ።»

መደሰት አቃታት። ገንዘቡን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለባለቤቶቹ ይመልስ ይሆናል፤ እምነቷን ግን ማን ይመልስላታል? እጇ ወደተደፋው ካርታ ሄደ።

«አታምኚኝም?»

ገለጠችው። ሁለትና ሰባት። እርባና ቢስ ካርታ! የእውነት ተሸንፏል። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሳቀች።

«አላምንህም» አለች፣ ካርታውን እየበወዘች። «አትላንቲክ ሲቲ እስክሄድ ድረስ የጣልከውን ሁሉ ገልጠህ ታሳየኛለህ።»