ሁለት ጭነት

መንገዱን ያሸነፍነው እኛ ነን። እንዲህ ስል የሚስቅ ሰው አለ፤ ይሳቅ። አሊዩ አምባ ውስጥ ሁለት ጭነት የሚባለውን ሰፈር የሚያውቅ ሁሉ፣ መኪና መንገዱ በመካከሉ እንዳያልፍ ያደረገው ያሕያ መሆኑን ያውቃል። ያሕያ እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ስኮራበት ኖሬ፣ ኩራቱ ምን ላይ እንደቆመ ያወቅኩት ባለፈው ሐሙስ ነው።

ሁለት ጭነት ረጅም መንገድ አይደለም። ከመስጊዱ በር ተነስቶ እስከ አሮጌው ገበያ ድረስ ግራና ቀኝ ሃያ ሦስት ቤት ነው። ስሙን ያገኘው ከስፋቱ ነው። ጨው የጫነ ግመል ከቆላ ሲወጣ፣ ቡናና በርበሬ የጫነው ደግሞ ወደ ቆላ ሲመለስ፣ ሁለቱ ሳይነካኩ እንዲተላለፉ ብለው ነው አያቶቻችን የለኩት። ከእኛ ወዲያ ግመል አይወጣም፤ የአንኮበርን ዳገት የሚችለው በቅሎና አህያ ነው። ስለዚህ ጨዉ ከግመል ወርዶ በቅሎ ጀርባ ላይ የሚወጣው እኛ ደጃፍ ላይ ነበር።

መለኪያዋ የአያቴ ዘንግ ናት፤ አምስት ክንድ። አንድ ዘንግ ለሚወጣው፣ አንድ ዘንግ ለሚወርደው። ከአያቴ ለአባቴ፣ ከአባቴ ለእኔ ደርሳለች። በዓመት አንዴ፣ ረመዳን ከመግባቱ በፊት፣ መንገዱን ከላይ እስከ ታች እንለካለን። ደጃፉን ወደ መንገዱ የገፋ ሰው ከተገኘ በሦስት ቀን ውስጥ ያፈርሳል። ግመሉ ከቀረ በኋላም መለካቱ አልቀረም። ጣሪያው ከሣር ወደ ቆርቆሮ ተለወጠ፣ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መስጊዱ አጠገብ የኅብረት ሱቅ ከፈተ፣ ኩራዙ በአምፖል ተተካ፣ እኛ ግን እንለካ ነበር። እኔ ዘንጌን ይዤ ስወጣ ሰዉ ዶሮውን እንኳ ከመንገድ ይሰበስብ ነበር።

ዓብዱራህማን የግድግዳ ጎረቤቴ ነው፤ ቁርአን አብረን የቀራን አብሮ አደጌ። ሲያገባ ለሙሽራይቱ ክብር ብሎ ደጃፉ ላይ ሁለት የሲሚንቶ ደረጃ አሠራ። በሠርጉ በሦስተኛው ቀን ለካሁት፤ ስንዝር ተኩል አልፏል። ሙሽራው ራሱ መዶሻ ይዞ አፈረሰው። እያፈረሰም ይስቅ ነበር፣ እኔም ሳቅኩ። ያኔ የምንሳሳቅ ሰዎች ነበርን።

በ2009 ዓ.ም. ታደለ የሚባል ቀያሽ ከደብረ ብርሃን መጣ። ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን መንገዱ መሐል ተክሎ በየግድግዳችን ላይ ቀይ ቀለም ቀባ። ከጎረቤላ ወርዶ ወደ ቆላ የሚሄድ መኪና መንገድ ሊሠራ ነው፤ የሚያልፈውም በሁለት ጭነት ነው። ሁለት አይሱዙ እንዲተላለፍ ግን ከየቤቱ የፊት ክፍል አራት አራት ክንድ መቆረጥ አለበት።

መስጊዱ ግቢ ተሰበሰብን። ዓብዱራህማን ተነሳና «የፊት ክፍሉን እንስጥ» አለ። «ጓሮ አለን፣ ወደ ኋላ እንሠራለን። አያቶቻችን መንገዱን የለኩት ለጭነቱ ብለው ነው፣ ለግድግዳው ብለው አይደለም። የዛሬው ጭነት አይሱዙ ነው።»

ልክ ነበር። ልክ መሆኑን ሆዴ ያኔውኑ ያውቅ ነበር። ነገር ግን ዘንጓ እጄ ላይ ናት፣ ሰዉ ሁሉ ያየኛል፣ የአባቴ ነፍስም የምታየኝ መሰለኝ። ተነሳሁና «አንተ የሠርግህን ደረጃ ስላስፈረስኩህ ሠላሳ ዓመት ቂም ቋጥረህ፣ ይኸው ዛሬ የሁላችንንም ቤት ልታፈርስ መጣህ!» አልኩት። ጉባኤው በሳቅ አውካካ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዓብዱራህማን ኩታውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም።

በማግስቱ የተቃውሞ ወረቀት ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። ከእሱ በቀር ሁሉም ፈረመ። ሁለት ሽማግሌ አስከትዬ፣ በጎረቤላ አድርጌ፣ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። የደጋው ብርድ እኛን ቆለኞቹን አንቀጠቀጠን፤ ብርድ ልብስ ተከናንበን ሦስት ቀን ቢሮ ደጅ ጠናን። በመጨረሻ «ሕዝቡ ካልፈለገ በታች በሜዳው ይሂድ» ተባለ። ስንመለስ ፍየል ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ።

መንገዱ ከእኛ የሃያ ደቂቃ የእግር ጉዞ ርቆ አለፈ። መጀመሪያ የቀሩት በርበሬ ገዢዎች ናቸው። መኪናቸው ታች ቆሞ እነሱ ዳገት የሚወጡበት ምክንያት የለም። ቀጥሎ ባለ ገበያው መንገድ ዳር መዘርጋት ጀመረ፣ በዓመቱ ገበያው ጠቅልሎ ወረደ። ዓብዱራህማን ከሁሉም ቀድሞ እዚያ ሱቅ ከፈተ። ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ተከተሉት። ዛሬ ሁለት ጭነት ውስጥ ሰው ያለበት ቤት አራት ብቻ ነው። የመንገዱ ስፋት አንድ ጣት አልጎደለም፤ የሚተላለፍበት ነው የጠፋው።

ማንም አልወቀሰኝም። ቢወቅሱኝ መልስ አላጣም ነበር።

አንዱ ቤት የእኔ ነው። ልጄ ሰብሪና ከሁለት ልጆቿ ጋር አብራኝ ትኖራለች፤ በፊት ክፍላችንም ሱቅ አላት። ሳሙና፣ ሻማና ብስኩት ትሸጣለች ቢባልም ብስኩቱን የሚጨርሱት ልጆቿ ናቸው። ከወር በፊት «አባ፣ ረመዳን ሳይገባ መንገዱ ዳር ልወርድ ነው፤ አንተም ከእኔ ጋር ና» አለችኝ። «እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» አልኳት። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። እሷና ልጆቹ ከሄዱ በዚያ ባዶ መንገድ ላይ ማን አሰላሙ ዓለይኩም ይለኛል? ወላሂ ፈራሁ።

በዚያው ሰሞን ታደለ ድልድይ ሊያይ መጥቶ አገኘሁት። ፀጉሩ ሸብቷል። ያለብኝን ነገርኩት።

«አባ ያሕያ፣ ማመልከት እኮ ይችላሉ» አለኝ። «ባለቤቶቹ የፊት ክፍላቸውን እንደሚለቁ ከፈረሙ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈራችሁ የሚገባ ቅርንጫፍ ሊጠየቅ ይችላል። አብዛኞቹ ይፈርሙ እንጂ እኔም እከታተልልዎታለሁ።»

እንደ ልጅ ፈነደቅኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ሮጬ ወረቀት አጻፍኩ። ሱቁ የሰብሪና ነውና መጀመሪያ የሰጠሁት ለእሷ ነው። «መንገዱ እኛው ዘንድ ይመጣል፤ አትወርጂም» አልኳት። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ፈረመች።

ሐሙስ ጠዋት ከላይ ያሉትን ሦስቱን አስፈርሜ ወደ ታች ወረድኩ። ያ ሁሉ የሰፈሬ ሰው መንገዱ ዳር ነው። ባጃጁ ይጮሃል፣ ኩንታሉ ይወርዳል። «ያሕያ መጣ! ወንበር አምጡለት!» እያሉ ተቀበሉኝ። ለስላሳ ከፈቱልኝ። ወረቀቱን ያነበበ እንኳ የለም፤ ጃፈርም ሌይላም ሌሎቹም ቀና ብለው ፈገግ ይሉና ይፈርማሉ። ዙህር ሳይሰገድ አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ። ሰው እንዴት ደግ ነው እያልኩ ወደ ዓብዱራህማን ሱቅ ሄድኩ።

ዓይኑ ደክሟል። ከጎኑ አስቀመጠኝና «አንብብልኝ» አለ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት።

«ጃፈር ፈርሟል?» አለኝ።

«አዎ።»

«ጃፈር የዚያኛውን ቤት ቆርቆሮ አምና ነቅሎ ይኸው እዚህ ሠርቶበታል። የትኛውን የፊት ክፍል ነው የሚለቀው? ሌይላስ?»

«ፈርማለች።»

«ሌይላ ከእኔ ጎን ትናንት መሠረት አስወጥታለች። እስኪ ንገረኝ፣ እመለሳለሁ ያለህ ማን ነው?»

«አልጠየቅኩም» አልኩ።

«አይመለሱም። የፈረሙልህ ፊት ለፊትህ እምቢ ማለት አቅቷቸው ነው። ይሉኝታ ነው።» ቀጥሎም «ያኔም እንዲሁ ነው የፈረሙልህ» አለኝ።

«ውሸት ነው!»

«አንተ ደብረ ብርሃን በወጣህበት ቀን ጃፈር ቤቴ መጥቶ አለቀሰ። መንገዱን እፈልገዋለሁ፣ ግን ያሕያ በሰው ፊት እንዳንተ ቢያደርገኝስ አለኝ። ሌሎቹም በየተራ መጥተው እንዲሁ አሉኝ። ያን ቀን እኔ ላይ የተሳቀውን ሳቅ ፈርተው ነው የፈረሙልህ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ትመጣለህ ብዬ ስጠብቅህ ስምንት ዓመት አለፈ።»

«አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፌ የከበደኝ ጊዜ የለም።

«አውፍ ካልኩህማ ቆየሁ። ይህን ግን አልፈርምልህም። እኔም ልዋሽህ?» አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ሃያ ሁለት ፊርማ ይዤ ሕዝቡ አልፈለገም ብዬ በሰው ቢሮ የማልኩት እኔ ነኝ። ያልፈለገው ግን ሕዝቡ አልነበረም። አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው እኔን ፈርቶ ከቤቱ ተነቀለ፣ የነቀልኩትም ሰው ወንበር አምጡለት ይለኛል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰብሪና ባንኮኒው ጋ ተቀምጣ የልጇን ቀሚስ ትሰፋለች። ወረቀቱን አውጥቼ ፊቷ ዘረጋሁት።

«ይህን የፈረምሽው ከልብሽ ነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። እንደ ልማዴ ቢሆን ኖሮ እኔው እመልስላት ነበር። ዛሬ ግን ጠበቅኳት።

«አይደለም፣ አባ።»

«ያኔስ? ቀያሹ ሲመጣ፣ መንገዱን ትፈልጊው ነበር?»

«ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር» አለች። «ቀዩን ቀለም ግድግዳችን ላይ ሳየው፣ ከደጃችን በመኪና ተነስቼ ደብረ ብርሃን ገብቼ እማራለሁ ብዬ ነበር። ማን ጠየቀኝ?»

የልጄን ዕድሜ ነው በፍየል ያስመረቅኩት። ቁጭ አልኩ። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ እጄን ያዘችኝ።

«ተወው አባ። አንተ ካልመጣህ እኔም አልወርድም፤ እዚሁ እንኖራለን» አለችኝ።

እሷም እንደነ ጃፈር መሆኗ ነበር። ይህን ግድግዳ እወደዋለሁ፤ ከዚህ ወጥቼ ባጃጅ ሲጮህ መዋል አልፈልግም፣ ዛሬም አልፈልግም።

«እመጣለሁ» አልኳት። «ቅዳሜ እንጫን።»

«ደስ ብሎህ ነው፣ አባ?»

«ደስ ብሎኝ ነው» አልኳት።