ወደ ኋላ ያለው መንገድ

ሣህሉ ያን ቃል የተናገረው በ1975 ዓ.ም.፣ በየካቲት፣ በቅዳሜ ገበያ፣ ሰኮሩ እህል ተራ መካከል ቆሞ ነው። ሕዝቡ ከጫካ እሳት ማጥፋት ገና መመለሱ ነበር። ከገበሬዎቹ አንዱ፣ ሽበሺ፣ ጭስ አፍኖት ለትንፋሽ ከሰው ቀድሞ መውጣቱን ሣህሉ አይቷል። ሣህሉ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነውና ሽበሺ ላይ ጣቱን ቀሰረ።

«አድኃሪ፣ አድኃሪ ስንል መልኩን ለማታውቁ፣ ይኸውላችሁ! እሳት አይቶ ወደ ኋላ የሚል!»

ሰው ሳቀ። በርበሬ ሻጯ ኩልሱም እንኳ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሽበሺ የሳቀውን ሁሉ በስም ያውቀዋል። ከአራተኛ ክፍል ትምህርቱ የቀረው ጥቂት ነው፤ ከዚያች ቅዳሜ ግን አንዲት ቃል አልጣለም።

በዓመቱ የደን ባለሙያው አቶ ወልደሰማያት ከጅማ መጥተው እሳት የመከላከል ሥልጠና ሲከፍቱ፣ ሽበሺ የተመዘገበው ስለ እሳት ለመማር አልነበረም። ያን ቃል ከላዩ የሚያወርድለት ቀን ፍለጋ ነበር። ባለሙያው አፈር ቆልለው ኮረብታ ሠሩ፤ ደረቅ ሣር ሰክተውበት ከሥሩ ክብሪት ጫሩ። ነበልባሉ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጣው።

«ሰው ቁልቁለት ይሮጣል፣ እሳት ዳገት ይሮጣል» አሉ። «ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋሱ ከሸለቆ ወደ ላይ ይነሣል። ገጀራ ከማንሣታችሁ በፊት መውጫችሁን እዩ። መውጫው የሚያጠራጥራችሁ እንደሆነ፣ ጊዜ ሳያልፍባችሁ ውጡ።»

«ሰውስ ምን ይለናል?» አለ ሽበሺ።

አቶ ወልደሰማያት መነጽራቸውን ወለወሉ። «እሱን እኔ አላስተምርም።»

ሥልጠናው ሳያልቅ እውነተኛው እሳት መጣ። ማር ቆራጭ ጥሎት የሄደው ችቦ በጊቤ በኩል ያለውን ሣር ያዘ። ባለሙያው ገሚሱን ሰው ይዘው በታች በኩል ዞሩ። ሽበሺ አብሮት የሚሠለጥነውን ኑሪንና ሌሎች ሦስት ሰዎችን እየመራ ወደ አንድ ጠባብ ሸለቆ አናት ወጣ። ከኋላቸው የማኅበሩ የቡና ችግኝ ጣቢያ፣ ከበታቻቸው እሳቱ። ሣህሉ በበቅሎ ደርሶ ችግኙ አጠገብ ቆሟል።

«ጓድ ሽበሺ! እሳቱ እንዳያልፍ እዚያው መስመር ጥረጉ። ችግኙ ከነደደ፣ አውራጃ ሲጠይቀኝ የማንን ስም እንደምጠራ ታውቃለህ።»

ጠረጉ። ሽበሺ እንደ ዕብድ ቁጥቋጦውን መነጠረው። ሲመኘው የኖረው ቀን ይኸው ነበር፤ ሣህሉ እያየው፣ እሱ ከእሳት ፊት። ዓይኑ ግን አልታዘዝ አለው፤ መውጫ ይፈልጋል። በግራ ገደል ነው። በቀኝ ሐረግ የተበተበው እሾህ። ያለችው የመጡባት ቀጭን መንገድ ብቻ ናት፤ እሷም ወደ ኋላ። ቀና ሲል ላብ ያራሰው ደረቱ በረደው። ነፋሱ ከታች ተነሥቷል።

«ጋሼ ሽበሺ፣ ነፋሱ...» አለ ኑሪ።

«አውቄዋለሁ! ቁረጥ!»

ኑሪ አጎንብሶ ቆረጠ። ሽበሺን የከበደው ይህ መታዘዝ ነው። እኔስ ስሜን ላጥብ ነው የቆምኩት፣ አለ በልቡ፤ ይኼ ሰውዬ ምን ሊያጥብ ነው? ጭሱ በሸለቆው አፍ ገባ።

«ውጡ! ሁላችሁም!»

«አቦ፣ ችግኙስ?» አለ ከሦስቱ አንዱ።

«ውጡ አልኩ!»

በሣህሉ ፊት እየሮጡ አለፉ፤ ጉብታውን ተሻግረው እስኪሰወሩ አልቆሙም።

እሳቱ ግን ዳገቱን አልሮጠም። ሸለቆው አፍ ላይ ሲደርስ ነፋሱ ረገበ። እሳቱ በጎን በኩል በሣሩ ላይ እያዘገመ ዞሮ የችግኙን ዳስ በላ፤ ከዚያ ድንጋያማው ላይ ደርሶ በራሱ ጊዜ ሞተ። ሲመለሱ ሰው ተሰብስቧል። ሣህሉ ወደ ሸለቆው ወርዶ፣ ቆመውበት ከነበረው ቦታ ቅርንጫፍ ሰብሮ መጣ።

«ይኸው! ጫፉ እንኳ አልጠወለገም። አምስት ወንድ በቅጠል የሚያጠፋው እሳት ነበር። ምን አይተህ ነው የሸሸኸው? እስቲ ለሕዝቡ ንገር!»

«ወላሂ ጋሼ» አለ ኑሪ በጆሮው፣ «ይመጣብን ነበር ኣ?»

ሽበሺ አያውቅም። ነፋሱ ባይረግብ ኖሮ... ነፋሱ ግን ረግቧል። የአቶ ወልደሰማያት ቃል ሁሉ ምላሱ ላይ ነበር፤ ዳገት፣ ነፋስ፣ መውጫ፤ ሁሉም እውነት፣ አንዱም ለሰው ዓይን የማይታይ። ከኑሪ ቅንድብ ላይ ላብ ይንጠባጠባል፤ ደረቱ በትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በሕይወት አለ። ሽበሺ ያን ደረት ትንሽ ቆሞ አየው። ከዚያ ፊቱን አዞረ፤ ሙቀቱ ያልወጣለትን አመድ እየረገጠ ቁልቁል ሄደ።

«አንተን ነው የማናግረው!» አለ ሣህሉ ከኋላው።

አመዱ በየርምጃው ቡን ይላል።